እስከ መከር ይቆይ?

መጀመሪያ የምታገኘው ምላስ ናት። ዓይን አያየውም፤ እጅም እዚያ ድረስ የመሄድ ልማድ የለውም። ምላስ ግን ሥራ በፈታች ቁጥር ላንቃን ትዳስሳለች። አንድ ቀን ከላይኛው መንጋጋ ጥርሶች ወደ ውስጥ ገባ ብላ፣ ከላንቃው መሐል ወደ አንድ ጎን ዘወር ስትል ትናንት ያልነበረ የሚመስል ጉብታ ላይ ትቆማለች። አያምም። አይደማም። ትኩስ ቡና ሲነካው አያቃጥልም። ትናንት አልነበረም ማለቱም አያስተማምንም፤ ሁለት ሦስት ዓመት እዚያው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙ ወይም በያዮ ለሚኖር ገበሬ የጉብታው መለኪያ ቅርብ ነው፤ ያልተፈለፈለች የቡና ፍሬ ታህላለች ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብም ከዚያው ከቡናው ነው። ቡናው ይለቀም፣ ይሸጥ፣ እጅ ላይ ገንዘብ ይግባ፣ ከዚያ እንሄዳለን። ኢሉባቦር ውስጥ ብዙ ነገር የቡና ለቀማን ይጠብቃል፤ ሠርጉ፣ የቤቱ ቆርቆሮ፣ የልጆቹ የትምህርት ወጪ። የማያምም እብጠትማ ለምን አይጠብቅ?

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሒሳብ አዋቂ መተው ይቻል ነበር። ነገር ግን በዚህ አገር «ይቆይ» የሚለው ቃል ሃይማኖት አለበት። ትዕግሥት ነው፤ ለፈጣሪ ጊዜ መስጠት ነው። የሚያሰቃይ በሽታ የያዘውን ሰው ሕመሙ ራሱ አንገቱን ይዞ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ጸበል ይወስደዋል፤ ብዙ የሚያመራምር ነገር የለውም። የማያመው ሰው ግን በራሱ ፍርድ ብቻ መነሣት አለበት። ያልጎዳኝን ነገር፣ እግዚአብሔር በአካሌ ላይ ያኖረውን ነገር፣ ቢላ አስነክቼ ላስወጣው? ይህ እምነት ማጣት ነው ወይስ አስተዋይነት?

ለመመለስ መጀመሪያ ነገሩን ማወቅ ይጠቅማል። ሰው ምራቅ የሚያመነጩ ሦስት ጥንድ ትልልቅ ዕጢዎች አሉት፤ ከጆሮ ሥር፣ ከመንጋጋ ሥርና ከምላስ ሥር። ከእነዚህ ሌላ በከንፈር፣ በጉንጭና በላንቃ ሥጋ ውስጥ የተበተኑ ከ600 እስከ 1000 የሚደርሱ ደቃቅ ዕጢዎች አሉ። ሁሉም ተባብረው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚጠጋ ምራቅ ያፈልቃሉ። ከእነዚህ ዕጢዎች የሚነሣው በጣም የተለመደው እብጠት በሕክምና ስሙ ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ ይባላል፤ «ብዙ መልክ ያለው» ለማለት ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ አንዱ ጥግ ዕጢ፣ ሌላው ጥግ ልል ሥጋ፣ ሌላው ደግሞ የለጋ አጥንት መልክ ይይዛልና። አፍ ውስጥ ከሆነ የሚወደው ቦታ ላንቃ ነው። በዝግታ ያድጋል። ካንሰር አይደለም።

እዚህ ላይ ቋንቋ ራሱ ችግር ይፈጥራል። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ «ክፉ አይደለም» ይላል፤ ሕመምተኛው «ተወው» እንደተባለ አድርጎ ይሰማል። በአማርኛ ክፉ ያልሆነ ነገር ደግ ነው፤ ደግን ደግሞ ማንም አይቆርጥም። ሐኪሙ ሊል የፈለገው ግን ሌላ ነው፤ ወደ ሳንባና ወደ ጉበት አይሰደድም፣ በዚህ ዓመት አይገድልህም ማለቱ ነው። ስለ ቀሪው ዘመን ምንም አልተናገረም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት እንደሚለው ከአምስት ዓመት በታች ዕድሜ ካለው የዚህ ዓይነት እብጠት ወደ ካንሰር የሚለወጠው 1.5 በመቶ ገደማ ነው፤ ከ15 ዓመት በላይ ከቆየው ግን ወደ 9.5 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ የዚህ ነገር ክፋትና ደግነት በመልኩ ብቻ የሚለካ አይደለም፤ በቆይታውም ነው።

ወደ ምራቅ እንመለስ፤ ምራቅ በእኛ ዘንድ ተራ ነገር አይደለምና። የበሰለን ሰው «ምራቁን የዋጠ» እንላለን። ሽማግሌ ሲመርቅ «ቱፍ ቱፍ» ይላል፤ በኢሉባቦር ኦሮሞ ዘንድም የአባቶች ኤባ (ምርቃት) ያለዚህች እፍታ የጎደለ ይመስላል። ምራቅና ምርቃት በድምፅ መቀራረባቸውን የሥነ ልሳን ሰው ይፍረደው፤ ለጆሮ ግን ዘመዳሞች ናቸው። በወንጌል ክርስቶስ ምራቁን ከአፈር ጋር ለውሶ የዕውሩን ዓይን ቀብቷል፤ መስማትና መናገር የተሳነውን ሰው ሲፈውስም ምራቁ ወደ ሰውዬው ምላስ ደርሷል። በእስልምናም ነቢዩ ለሕመምተኛ ሲጸልዩ የምድርን አፈርና የሰውን ምራቅ አብረው ማንሣታቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ምርቃት የሚወጣበት፣ ቅዱስ ቁርባን የሚገባበት፣ ሹክርና ዱዓ የሚነገርበት አፍ ውስጥ የበቀለ ነገር እንደ እግር ጣት ኪንታሮት ቀላል ተደርጎ አይታይም። ቤተ ዘመዱ የሚጠይቀው ጥያቄም የታወቀ ነው፤ ምን ተናግሮ ይሆን? ማንን ሰድቦ? የማን እርግማን ደረሰበት?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ያንኑ ጠይቀዋል፤ ዕውር ሆኖ የተወለደው በራሱ ኃጢአት ነው ወይስ በወላጆቹ? የተሰጣቸው መልስ ሁለቱንም አይደለም የሚል ነበር። ከዚያም ነገሩ ምራቅና ጭቃ፣ ወደ ሰሊሆምም ሄዶ መታጠብ ሆነ። ጥያቄው ከ«ማን አመጣው?» ተነሥቶ «ምን ይደረግ?» ላይ ወደቀ። ዛሬ ሳይንስ ስለዚህ እብጠት የሚለው በሚያስገርም ሁኔታ ለዚያ መልስ ይቀርባል። በብዙዎቹ ውስጥ 8ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኝ ፕላግ 1 የተባለ ጂን ከቦታው ተነቅሎ ሌላ ቦታ ተሰፍቶ ይገኛል። ይህ በአንዲት ሕዋስ ውስጥ የሆነ ስሕተት ነው፤ ከወላጅ አልተወረሰም፣ በክፉ አፍም አልመጣም። ሰው ያላጠፋውን ጥፋት ሲመረምር የሚያሳልፈው ዓመት ለእብጠቱ የዕድገት ዓመት ነው።

ታዲያ ከ«ይቆይ» ባዮቹ መካከል መጽሐፍ አዋቂ ቢኖር ጠንካራ መከራከሪያ አለው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 በስንዴው መሐል እንክርዳድ የተዘራበት ባለ እርሻ አለ። አገልጋዮቹ ሄደን እንንቀለው ሲሉት አልፈቀደም፤ ስንዴውን አብራችሁ ትነቅላላችሁ፣ ሁለቱም እስከ መከር አብረው ይደጉ አለ። ይህን ከሰማ በኋላ «እስከ ቡና ለቀማ ይቆይ» የሚል ገበሬ ቢያንስ ከወንጌል ጋር በቃል ተመሳስሏል።

ቀዶ ሐኪሙ ግን የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ስንዴውን እያወቀ ከእንክርዳዱ ጋር ያነሣል። ምክንያት አለው። የዚህ እብጠት ሽፋን ከውጭ ሲያዩት የተሟላና ልሙጥ ይመስላል፤ ልክ እንደ ቡና ፍሬ በጣት ጫን ቢሉት ፈትለክ ብሎ የሚወጣ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ሽፋኑ ቦታ ቦታ ላይ ስስ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ የለም። በዚያ በኩል ደቃቅ ጣቶች ወደ ጤናማው ሥጋ ተዘርግተዋል። በቀደመው ዘመን ሐኪሞች ሽፋኑን ሰንጥቀው ፍሬውን ብቻ ፈልፍለው ያወጡ ነበር። ቁስሉ ትንሽ፣ ሕመምተኛውም ደስተኛ። ከዓመታት በኋላ ግን ከአምስት ሰዎች ቢያንስ በአንዱ ላይ ተመልሶ ይመጣ ነበር፤ ያውም አንድ ሆኖ ሳይሆን እንደ ተበተነ ዘር በብዙ ቦታ። አሁን ደንቡ ተለውጧል። ላንቃ ላይ ከሆነ እብጠቱ በዙሪያው ካለ ጤናማ ሥጋ ጋር፣ ከላይ አጥንቱን ከሚያለብሰው ስስ ሽፋን ጋር በአንድነት ይነሣል። ያላጠፋው ሥጋ ካጠፋው ጋር ይሄዳል።

ይህ ለሥነ ምግባር ሰው ደስ የሚል ነገር አይደለም። ጻድቁን ከኃጥኡ ጋር አታጥፋ ብሎ የተከራከረው አብርሃም አንድ ቀን ቀዶ ሕክምና ክፍል ቢቆም ምን ይል ነበር? ነገር ግን ያው ሐኪም ዕጢው ከጆሮ ሥር ከሆነ ፍጹም ሌላ ሰው ይሆናል። በዚያ ዕጢ መሐል ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግቶ ያልፋል፤ እሱ ከተቆረጠ ዓይን አይከደንም፣ ከንፈር ይጣመማል፣ ፈገግታ በግማሽ ፊት ይቀራል። ስለዚህ ሐኪሙ ለሰዓታት ጎንበስ ብሎ እያንዳንዷን ቅርንጫፍ ከእብጠቱ ይለያል። እዚህ ስንዴው ቅዱስ ነው። እንግዲህ ምሳሌው የተሳሳተ አይደለም፤ ባለ እርሻው የፈራው ነገር በእርግጥ የሚያስፈራ ነው። ምሳሌው የተነገረው ግን ስለ ሰዎችና ስለ ፍርድ ነው፤ ማን እንክርዳድ እንደሆነ የሚለየው የመከሩ ጌታ ነው ለማለት። ከሰው ልብ ወደ ሰው ላንቃ ሲወርድ ልኩ ይጠፋዋል። የላንቃን እንክርዳድ ለይቶ የሚያውቅ ፓቶሎጂስት አለና።

መለየቱም ቢሆን በዓይን አይሆንም። ላንቃ መሐል ላይ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጉብታ ብዙ ጊዜ የራሱ የላንቃው አጥንት ነው፤ ምንም አይፈልግም። ከበሰበሰ ጥርስ አጠገብ ያበጠና የሚጠዘጥዝ መግል ነው። የታችኛው ከንፈር ላይ ሰማያዊ መስሎ የሚመጣና የሚሄድ ልል እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ከተዘጋ ቱቦ ያመለጠ ምራቅ ነው። ከመሐል ወደ ጎን ያለ፣ ጠንከር ያለ፣ የማያምም ጉብታ ግን ናሙና ይፈልጋል። ለዚህ ጥብቅነት ከባድ ምክንያት አለ። ከጆሮ ሥር ካሉት እብጠቶች ከአምስቱ አራቱ ገደማ ካንሰር አይደሉም፤ ከደቃቆቹ ዕጢዎች ከሚነሡት ግን ግማሽ ያህሉ ካንሰር ናቸው። ዕጢው ባነሰ ቁጥር ሥጋቱ ይጨምራል። መደንዘዝ፣ ሕመም፣ መቁሰል፣ የጥርስ መነቃነቅ ወይም ፈጣን ዕድገት ከታየ ሥጋቱ የባሰ ነው፤ ካልታየ ግን ነፃ ነህ ማለት አይደለም። ስለዚህ በቀጭን መርፌ ወይም ቁራጭ ሥጋ በመውሰድ ናሙና ይላካል፤ በሲቲ ስካን አጥንቱ መነካት አለመነካቱ ይታያል። የሚያቀልጥ ክኒን የለም። የሚያሟሟ ቅጠልም እንደዚሁ።

ጸበሉስ? በዚህ ነጥብ ላይ የሚከራከሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሃይማኖታቸው ራሱ ከሚለው በላይ ጥብቅ ሆነው ይገኛሉ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከመጻሕፍት ቁጥር የሚገባው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብረው፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው የሚል ትምህርት አለው፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እሱ ነው ይላል። ሲታመሙ መጸለይን ያዝዛል፣ ቀጥሎ ደግሞ ለሐኪሙ ቦታ እንዲሰጥ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ምእመናን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በግልጽ ሲናገሩ አዲስ ትምህርት አላመጡም፤ ሲራክ የጻፈውን በእንጦጦ ተራራ አጠገብ ደገሙት። በመቱ መስጊዶችም አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ የለም የሚለው ሐዲስ እንግዳ አይደለም። የመካነ ኢየሱስ ምእመን ሲራክን ላያነብ ይችላል፤ ነገር ግን የወለጋው ቄስ ጉዲና ቱምሳ አለለት። ጉዲና ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ አጋሮቿ በላከችው ደብዳቤ ሰውን ለነፍስና ለሥጋ ከፍሎ ማገልገልን ተቃውማለች። እኚህ ሰው ወደ ስብከት ከመግባታቸው በፊት በነቀምቴ ሆስፒታል ሠርተዋል፤ ስለ ሙሉ ሰው ሲናገሩ ቁስል ያዩ ሰው ሆነው ነው።

የመቱ ካርል ሆስፒታል ስም ደግሞ ሌላ ሐሳብ ያስነሣል። ካርል የተባለው በካርል ሃይንዝ በም ነው፤ አባታቸው ታዋቂ የኦርኬስትራ መሪ፣ እሳቸው ደግሞ በሲሲ ፊልሞች ላይ የኦስትሪያን ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተጫወቱ ተዋናይ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 1981 በአንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርበው ተወራረዱ፤ ከተመልካቹ ሢሶው እንኳ ለተራበው አፍሪካ አንድ ማርክ አይሰጥም አሉ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ሰዎች ለሰዎች የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ ሥራውም ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ተነሥቶ እስከ ኢሉባቦር ደረሰ። በም ያነሣሣቸው ነገር ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ርኅራኄ አይሉም ነበር፤ ቁጣ ነው ይሉ ነበር። የትዕግሥት አገር ውስጥ ያለ ሆስፒታል የተሰየመው በአንድ የተቆጡ ሰው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ቁጣው በሕመምተኛው ላይ አልነበረም። እንዲህ ያለው ቁጣ ከትዕግሥት ያነሰ የሃይማኖት ነገር ነው ማለት ይከብዳል።

ደግሞም «ይቆይ» የሚል ሁሉ መጽሐፍ ጠቅሶ አይደለም የሚቆየው። በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ፣ በመፃጉዕ፣ የሚታሰበው ሰው 38 ዓመት በመጠመቂያው ዳር ተኝቶ ነበር። ልትድን ትፈልጋለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አዎን አላለም፤ ውኃው ሲናወጥ የሚያስገባኝ ሰው የለኝም አለ። ትዕግሥቱ ከማንም አያንስም። የጎደለው ተሸካሚ ነበር። ያ ስፍራ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቤተ ሳይዳ ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ የካቲት 12 የምንለው፣ ራስ ተፈሪ ያሠሩት ሆስፒታልም መጀመሪያ ስሙ ቤተ ሳይዳ ነበር። አሁን የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና ከሚሰጥባቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነው።

ከመቱ እዚያ ለመድረስ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀረብ የሚለው ጅማ በበደሌ በኩል 250 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይርቃል። አገሩ ዝናብ ከሚበዛባቸው የኢትዮጵያ ክፍሎች ግንባር ቀደሙ ነው፤ ክረምቱ ሲረዝም ከገጠር ቀበሌ እስከ መኪና መንገዱ ያለው ጭቃ የጉዞው ግማሽ ነው። የሪፈር ወረቀት፣ የአውቶቡስ ሒሳብ፣ ውጤት እስኪደርስ የሚታደርበት ቤት፣ አብሮ የሚሄድ አስታማሚ። ይህን ሁሉ ለማያምም ጉብታ! ሐኪም ቤት ተቀምጦ «ለምን ዘገየህ?» ማለት ቀላል ነው። ፕሮጀክት ሐረርን የመሳሰሉ ድርጅቶች በፊት እብጠት የሚሠቃዩ የገጠር ሰዎችን እየፈለጉ ወደ አዲስ አበባ ሲያመጡ የሚያሟሉት በመጀመሪያ ቢላውን አይደለም፤ የሚያስገባኝ ሰው የለኝም ላለው ነው መልስ የሚሰጡት።

ሰው ሳይደረስለት ሲቀር ምን እንደሚሆን በሥዕል የታየበት ዘመን አለ። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ፒተር ፓርከር የተባለ አሜሪካዊ ሚስዮናዊ ሐኪም በቻይና ካንተን ከተማ ሆስፒታል ከፍቶ ነበር። ላም ኳ የተባለው ሠዓሊ የሕመምተኞቹን መልክ ሣለለት፤ ብዙዎቹ ሥዕሎች ዛሬ በዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ከአንገትና ከፊት ላይ የተንጠለጠሉ፣ አንዳንዶቹ ጭንቅላት የሚያህሉ እብጠቶች። ከሥዕሎቹ የሚያስደነግጠው ግን እብጠቱ አይደለም፤ የፊቶቹ ጸጥታ ነው። ከእብጠታቸው ጋር ለዓመታት የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ እንደ ጎረቤት ለምደውታል።

ላንቃ ላይ ያለው ያን ያህል እስኪሆን አይጠበቅም፤ መናገርና መዋጥ ቀድመው ይቸግራሉ። በጊዜው የደረሰ ሰው ነገሩ ቀላል ይሆንለታል። ተኝቶ ይሠራለታል። ቁስሉ ብዙውን ጊዜ ሳይሰፋ ክፍቱን ይተዋል፤ በላዩ እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ መያዣ ያለች ልሙጥ ክዳን ትደረግበታለች። ለሳምንታት አጥሚትና ገንፎ ነው፤ ሚጥሚጣ ይቅር። ሥጋው ከዳር ወደ መሐል በራሱ እየተሳበ ይገጥማል።

ክዳኗ በወጣች ቀን ምላስ ወደዚያው ትሄዳለች። ጉብታው የነበረበት ቦታ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ፣ አዲስ ቆዳ ለብሶ፣ ከዙሪያው ይልቅ ልሙጥ ሆኖ ታገኘዋለች። ደጋግማ ትዳስሰዋለች። እብጠቱ ከብዙ ዓመት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል ሐኪሙ በየጊዜው እየመጣህ ታይ ብሎ ካርዱ ላይ ቀን ይጽፋል፤ ቀኑ ኅዳር ላይ ከዋለ ከቡና ለቀማው ጋር ሊጋጭ ነው።